የጊዜ ገደብ ተቀማጭ፦ የተሻለ ወለድ ለማግኘት ምን መመልከት ይገባል?

ምርት ተሰብስቦ ለገበያ በሚቀርብባቸው የጥርና የየካቲት ወራት በርካታ አርሶ አደሮች በዓመቱ ውስጥ ከፍተኛውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይጨብጣሉ። በከተማም ቤት ወይም ተሽከርካሪ የሸጠ፣ ዕቁብ የደረሰው፣ ወይም የጡረታና የአገልግሎት ክፍያ የተቀበለ ነዋሪ ተመሳሳይ ጥያቄ ይገጥመዋል። ገንዘቡ ለጥቂት ወራት ሥራ ላይ የማይውል ከሆነ የት ይቀመጥ? ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ለሌባና ለእሳት የተጋለጠ ከመሆኑም በላይ የመግዛት አቅሙ በየወሩ ይቀንሳል። በተለመደው የቁጠባ ሂሳብ ቢቀመጥ ደግሞ የሚያስገኘው ወለድ አነስተኛ ነው። ባንኮች የጊዜ ገደብ ተቀማጭ የሚሉት አገልግሎት በእነዚህ ሁለት አማራጮች ላይ የሚጨመር ሦስተኛ መንገድ ነው።

ይህ አገልግሎት ግን እንደ ቁጠባ ሂሳብ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምጣኔ የሚከፈልበት አይደለም። የሚገኘው ወለድ እንደ ባንኩ፣ እንደ ገንዘቡ መጠን፣ እንደ ጊዜው ርዝመትና አስቀማጩ እንደሚያደርገው ድርድር ይለያያል። ትልቁን ቁጥር የጠራ ባንክም ሁልጊዜ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል ማለት አይደለም።

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ምንድን ነው?

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ አስቀማጩ የተወሰነ ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ ላለማውጣት፣ ባንኩ ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተስማሙበትን ወለድ ለመክፈል የሚገቡት ውል ነው። ጊዜው በአብዛኛው ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ውሉ ሲፈረም ባንኩ የገንዘቡን መጠን፣ የወለዱን ምጣኔና የማብቂያውን ቀን የያዘ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ከቁጠባ ሂሳብ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ገንዘቡ እንደተፈለገ ወጪ የማይደረግ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የወለዱ አወሳሰን ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ የወለድ ምጣኔ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። ይህ ወለል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለባንኮቹ የተተወ ነው። በቁጠባ ሂሳብ ብዙዎቹ ባንኮች በወለሉ አካባቢ ሲቆዩ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ግን ምጣኔው በባንኩና በአስቀማጩ ስምምነት የሚወሰን በመሆኑ ከፍ ሊል ይችላል።

ባንኮች ለምን የተለያየ ወለድ ይከፍላሉ?

ባንክ ወለድ የሚከፍለው የተቀበለውን ገንዘብ በበለጠ ወለድ መልሶ ስለሚያበድረው ነው። በመሆኑም የሚከፍለው መጠን በገንዘብ ፍላጎቱ ይወሰናል። የጥሬ ገንዘብ እጥረት የገጠመው ወይም ብድር ጠያቂ የበዛበት ባንክ አስቀማጭ ለመሳብ ምጣኔውን ከፍ ያደርጋል። በብዙ ቅርንጫፎቹ በርካሽ የቁጠባ ገንዘብ የሚሰበስብ ትልቅ ባንክ ደግሞ ከፍ ያለ ወለድ ለመክፈል አይቸኩልም። ሥራ ከጀመሩ ብዙ ዓመት ያላስቆጠሩ ባንኮችና ከአነስተኛ ብድር ተቋምነት ወደ ባንክነት ያደጉት፣ ለምሳሌ ቀድሞ አብቁተ በሚል ስም ይታወቅ የነበረው ፀደይ ባንክ፣ አማራጮችን ለሚያነጻጽር የገጠር ነዋሪ ተጨማሪ መጠየቂያ በሮች ናቸው።

የአገሪቱ የገንዘብ ፖሊሲም የራሱ ድርሻ አለው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም በወለድ ላይ ወደተመሠረተ የገንዘብ ፖሊሲ ሲሸጋገር የፖሊሲ ወለድ ምጣኔውን 15 በመቶ አድርጎ ወስኗል። ይህ ምጣኔ ለአስቀማጩ በቀጥታ የሚከፈል አይደለም፤ ሆኖም ባንኮች እርስ በርስና ከብሔራዊ ባንክ ጋር በሚያደርጉት የገንዘብ ልውውጥ ዋጋ ላይ ተጽዕኖ ስላለው በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ድርድር ውስጥም ይንጸባረቃል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤት ያገኘው ምጣኔ ዘንድሮም ይገኛል ብሎ ማሰብ አይገባም። ከፍ ሊልም ዝቅ ሊልም ይችላል።

ወለድና የዋጋ ንረት

የተሻለ ወለድ መፈለግ አስፈላጊ የሚሆነው ገንዘብ ባለበት ስለማይቆይ ነው። በ2014 ዓ.ም የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በ2017 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ወርዷል። ንረቱ ቢቀንስም ዋጋ መጨመሩን አቁሟል ማለት አይደለም፤ ጭማሪው ዘገየ ማለት እንጂ።

ለአብነት 100,000 ብር ያለውን አንድ ቤተሰብ እንመልከት። የዋጋ ንረቱ 14 በመቶ ቢሆን ዛሬ በ100,000 ብር የሚገዛው ዕቃ ከዓመት በኋላ 114,000 ብር ይጠይቃል። ገንዘቡ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ቤተሰቡ ዕቃውን ለመግዛት 14,000 ብር ይጎድለዋል። በ7 በመቶ ቁጠባ ካስቀመጠና ከወለዱ ላይ 5 በመቶ ግብር ተቀናሽ ቢሆን ገንዘቡ 106,650 ብር ይሆናል፤ ጉድለቱም 7,350 ብር ነው። በ12 በመቶ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ካስቀመጠ ደግሞ ከግብር በኋላ 111,400 ብር ያገኛል፤ ጉድለቱ ወደ 2,600 ብር ይወርዳል።

እዚህ ላይ የተጠቀሱት 12 እና 5 በመቶ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው። ስሌቱ የሚያሳየው ነገር ግን ግልጽ ነው። ከዋጋ ንረቱ በታች የሆነ ወለድ ሀብት አይጨምርም፤ የሚደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል። ስለዚህ አስቀማጩ ባንኩ የሚሰጠውን ምጣኔ ከወቅቱ የዋጋ ንረት ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። ገንዘቡ ለበርካታ ዓመታት የማይፈለግ ከሆነም የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ብቸኛው አማራጭ አለመሆኑን መገንዘብ ይጠቅማል።

ምጣኔው ሲነገር መጠየቅ ያለባቸው ጉዳዮች

አንደኛው ምጣኔው የዓመት መሆኑ ነው። “12 በመቶ” ሲባል ለስድስት ወር ያስቀመጠ ሰው 100,000 ብር ላይ 12,000 ብር የሚያገኝ የሚመስለው አለ። ለ182 ቀናት የሚገኘው ወለድ ከግብር በፊት 5,983 ብር ከ56 ሳንቲም ነው። የሦስት ወሩም በዚያው ልክ ያነሰ ይሆናል።

ሁለተኛው ግብር ነው። በገቢ ግብር ሕግ መሠረት ባንኩ ከወለዱ ላይ ግብር ቀንሶ ለመንግሥት ገቢ ያደርጋል። ግብሩ የሚቀነሰው ከወለዱ ላይ እንጂ ከዋናው ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ባንኮች ሲነጻጸሩ ጥያቄው “ምን ያህል በመቶ?” ብቻ ሳይሆን “ጊዜው ሲያበቃ ከግብር በኋላ በእጄ የሚገባው ስንት ብር ነው?” የሚል መሆን አለበት። የባንክ ባለሙያ ይህን በወረቀት ላይ አስልቶ ለማሳየት ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ሦስተኛው ወለዱ የሚከፈልበት ጊዜ ነው። አንዳንድ ውሎች ወለዱን በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ወደ ቁጠባ ሂሳብ ያስገባሉ፤ ሌሎቹ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ይከፍላሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 100,000 ብር በ12 በመቶ ተቀምጦ ወለዱ በዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል ከሆነ 12,000 ብር ያስገኛል። በ11.75 በመቶ ተቀምጦ ወለዱ በየወሩ 7 በመቶ ወደሚታሰብበት የቁጠባ ሂሳብ የሚገባና እዚያው የሚቆይ ከሆነ ግን ከግብር በፊት 12,134 ብር ገደማ ይሆናል። አነስተኛው ቁጥር ትልቁን በለጠ ማለት ነው። በየወሩ የሚከፈል ወለድ ለጡረተኛ ወይም ቋሚ ገቢ ለሌለው ቤተሰብ የወር ወጪ መደጎሚያም ይሆናል።

አራተኛው ከጊዜው በፊት ማውጣት የሚያስከትለው ቅጣት ነው። ሕመም፣ ሐዘን ወይም ሌላ ድንገተኛ ችግር ቀጠሮ አይሰጥም። አንዳንድ ባንኮች ውሉ ከጊዜው በፊት ሲፈርስ የቁጠባ ወለድ ብቻ ያስባሉ፤ አንዳንዶቹ ወለዱን ሙሉ በሙሉ ያስቀራሉ። የምስክር ወረቀቱን ዋስትና አድርገው ብድር የሚሰጡም አሉ። ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ችግር ቢመጣ ለአጭር ጊዜ ተበድሮ ውሉን ማስጨረስ ከማፍረስ ሊሻል ይችላል። ይህ የሚታወቀው ግን የብድሩ ወለድና ውሉ ቢፈርስ የሚቀረው ወለድ ጎን ለጎን ሲሰሉ ነው።

ጊዜውን ከእርሻና ከቤት ወጪ ጋር ማጣጣም

ለአርሶ አደር ከወለዱ ምጣኔ ባልተናነሰ የሚያስፈልገው የጊዜው ምርጫ ነው። በጥር ወር ሙሉ ገንዘቡን ለአንድ ዓመት የቆለፈ ሰው ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር በሚከፈልበት ወቅት እጁ ባዶ ይሆናል። ያኔ ወይ ውሉን አፍርሶ ወለዱን ያጣል፣ ወይ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። አራጣ ደግሞ ባንክ በዓመት የሚከፍለውን ወለድ በጥቂት ወራት ሊውጠው ይችላል።

መፍትሔው ገንዘቡን ከፋፍሎ ማስቀመጥ ነው። ለምሳሌ በጥር አጋማሽ 120,000 ብር ያለው አርሶ አደር 40,000 ብሩን ለሦስት ወር፣ 40,000 ብሩን ለስድስት ወር፣ ቀሪውን 40,000 ብር ለአንድ ዓመት ሊያስቀምጥ ይችላል። የመጀመሪያው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ለማዳበሪያና ለዘር ይውላል። ሁለተኛው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይደርሳል፤ ለክረምቱ የቤት ወጪና ለልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ይሆናል። ሦስተኛው እስከ ቀጣዩ ጥር ቆይቶ በሬ ለመግዛት፣ ለሠርግ ወይም ለቤት ክዳን ሊውል ይችላል።

ለከተማ ነዋሪም ይኸው ዘዴ ይሠራል። በየሦስት ወሩ የቤት ኪራይ የሚከፍል ወይም ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ የውሎቹን ማብቂያ ከክፍያው ቀን ጥቂት ቀደም እንዲል ማድረግ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ለሁለትና ለሦስት ወር ወጪ የሚበቃ ገንዘብ በተለመደው ቁጠባ ሂሳብ ነጻ ሆኖ መቀመጥ አለበት።

ብድርና እህል በቅድሚያ ይታዩ

ያልተከፈለ ብድር ያለበት ሰው ገንዘቡን በጊዜ ገደብ ከማስቀመጡ በፊት የብድሩን ወለድ መመልከት ይገባዋል። 50,000 ብር በ18 በመቶ የተበደረ ሰው በዓመት 9,000 ብር ወለድ ይከፍላል። ያንኑ 50,000 ብር በ12 በመቶ ቢያስቀምጥ ከግብር በኋላ 5,700 ብር ያገኛል። ብድሩን ሳይከፍል ያስቀመጠ 3,300 ብር ይከስራል። የባንክ ብድር ከባንክ ተቀማጭ የበለጠ ወለድ ስላለው ዕዳን ቀድሞ መክፈል በአብዛኛው የተሻለ ነው።

ምርቱን ያልሸጠ አርሶ አደር ደግሞ ሌላ ማነጻጸሪያ አለው። ከመከር በኋላ የሚወርደው የእህል ዋጋ ወደ ክረምት ሲቃረብ ብዙ ጊዜ ይጨምራል። ለስሌት እንዲያመች ኩንታሉ 5,000 ብር የሚያወጣ 24 ኩንታል በቆሎ ይታሰብ። አሁን ተሽጦ 120,000 ብሩ ለስድስት ወር በ12 በመቶ ቢቀመጥ ከግብር በኋላ 126,840 ብር ገደማ ይሆናል። እህሉን ጎተራ ማቆየት እኩል የሚያዋጣው በስድስት ወር ውስጥ ኩንታሉ ቢያንስ 5,285 ብር ሲደርስ ነው። ነቀዝ አንድ ኩንታል ቢያበላሽ ደግሞ ቀሪው 23 ኩንታል እያንዳንዱ 5,515 ብር ገደማ መሸጥ አለበት። ጥሩ ጎተራ ያለውና የዋጋ ጭማሪ የሚጠብቅ አርሶ አደር ማቆየትን ሊመርጥ ይችላል። እህሉ ለብልሽት የተጋለጠበት ግን መሸጥና ገንዘቡን በወለድ ማስቀመጥ ይሻለዋል።

ድርድር ነውር አይደለም

ብዙ ሰው የባንክ ወለድ እንደ ታክስ አስቀድሞ የተቆረጠ ይመስለዋል። በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ግን መደራደር የተለመደ አሠራር ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ይህን ስለሚያውቁ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላው እየጠየቁ የተሻለውን ይመርጣሉ። ግለሰብም ቢያንስ ሦስት ባንኮችን ጠይቆ፣ የተሰጠውን ምጣኔ በጽሑፍ ይዞ፣ ለሚፈልገው ባንክ ማሳየት ይችላል። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የመወሰን ሥልጣኑ ውስን ከሆነ ጥያቄውን ለዲስትሪክት ወይም ለዋናው መሥሪያ ቤት እንዲያቀርብ መጠየቅ ይቻላል።

የገንዘቡ መጠን ከፍ ሲል የመደራደር አቅምም ከፍ ይላል። በአንድ ስም የተሰበሰበ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የዕድር ወይም የቤተሰብ ገንዘብ ተበታትኖ ከሚቀመጠው የተሻለ ምጣኔ ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ሲደረግ ግን የማን ድርሻ ስንት እንደሆነና ማን ፈርሞ እንደሚያወጣ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ መስፈር አለበት።

ገንዘቡ ምን ዋስትና አለው?

ከፍ ያለ ወለድ የጠራ ሁሉ ሊታመን አይገባም። መጀመሪያ የሚጣራው ተቋሙ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መሆኑ ነው። በደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አባል የሆነ ባንክ ወይም አነስተኛ ብድር ተቋም ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ተቋም እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። በአንድ ባንክ ውስጥ ያሉ የአንድ ሰው ሂሳቦች ተደምረው የሚታዩ በመሆናቸው በዚያው ባንክ ገንዘቡን በሁለት ሂሳብ መክፈል ሽፋኑን አያሳድገውም። በሁለት ባንኮች የተቀመጠ ከሆነ ግን ሽፋኑ በየባንኩ ለየብቻ ይታያል። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የዚህ ፈንድ አባላት አይደሉም፤ በእነርሱ ዘንድ የሚያስቀምጥ ሰው የማኅበሩን የኦዲት ሪፖርትና አሠራር በራሱ መመርመር ይኖርበታል።

በወር 10 ወይም 20 በመቶ ትርፍ እንከፍላለን የሚሉ ግለሰቦችና ድርጅቶች የባንክ አስቀማጭ ከሚያገኘው ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም። በወር 10 በመቶ ማለት በዓመት ከ100 በመቶ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ትርፍ የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ ከኋላ በገቡ ሰዎች ገንዘብ ነው፤ አዲስ ገቢ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ገንዘብም በባንኩ መስኮት በደረሰኝ ይገባል እንጂ “እኔ አስገባልሃለሁ” ለሚል ሠራተኛ ወይም ደላላ በእጅ አይሰጥም።

ውሉ ላይ ምን ይነበብ?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ በድርድር የተገኘው ሁሉ በውሉ ላይ መኖር አለበት። በተለይ ሦስት ነጥቦች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ።

የመጀመሪያው የማብቂያው ቀን ነው። ባንኮች ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ሊጽፉት ስለሚችሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መቼ እንደሚውል ጠይቆ ማስጻፍ ይገባል። ሁለተኛው ውሉ ሲያልቅ የሚሆነው ነው። አንዳንድ ውል አስቀማጩ ካልቀረበ በራሱ ይታደሳል፤ ሲታደስም በዚያን ቀን ባለው ምጣኔ እንጂ በቀድሞው ላይሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ ወደ ቁጠባ ሂሳብ ይዛወራል። ሁለቱም ለዘነጋ ሰው ጉዳት አላቸው፤ ስለዚህ ከማብቂያው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ ባንክ መሄድና አዲስ ድርድር መጀመር ይመከራል። ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ገንዘብ በሁለቱም ስም ቢቀመጥና የምስክር ወረቀቱ የት እንዳለ ሁለቱም ቢያውቁ ሞት ወይም ሕመም ሲያጋጥም ቤተሰብ አይጉላላም። በወረቀቱ ላይ ያለው ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉንም ማየት ያስፈልጋል።

ወለድ ለማይቀበሉ አስቀማጮች

በእምነታቸው ምክንያት ወለድ የማይቀበሉ ሰዎች ከወለድ ነፃ በሆነው የባንክ አገልግሎት ውስጥ ሙዳራባ የተባለውን የኢንቨስትመንት ሂሳብ መጠቀም ይችላሉ። በዚህ አሠራር ባንኩ ገንዘቡን ሥራ ላይ አውሎ ትርፉን አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ ከአስቀማጩ ጋር ይካፈላል። አስቀድሞ የተቆረጠ ምጣኔ የለም፤ ትርፉም ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሙሉ በሙሉ በዚህ አሠራር የሚሠሩ ሲሆን ሌሎች በርካታ ባንኮችም ልዩ መስኮት አላቸው። አስቀማጩ የትርፍ ክፍፍሉ ድርሻ ስንት ለስንት እንደሆነና ባለፉት ዓመታት በተግባር የተከፈለው ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

- ጊዜው ሲያበቃ ከግብር በኋላ የሚደርሰኝ ስንት ብር ነው?
- ወለዱ የሚከፈለው በየወሩ ነው ወይስ መጨረሻ ላይ?
- ከጊዜው በፊት ባወጣ ምን አጣለሁ? በምስክር ወረቀቱ መበደርስ እችላለሁ?
- ምጣኔው እስከ ማብቂያው ድረስ አይለወጥም?
- ውሉ ሲያልቅ በራሱ ይታደሳል? በምን ምጣኔ?
- የማብቂያው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መቼ ነው?

የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ከሦስት ባንኮች በጽሑፍ ያገኘ አስቀማጭ የትኛው እንደሚሻለው በራሱ መለየት ይችላል።